ፀሐይ ወዳድና ደመና ወዳድ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፦ ስለ ዌዘርስፓርክ

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሁለት የባሕር ዳርቻዎችን ወይም ሁለት የገጠር ቦታዎችን በፀሐይና በደመና ለማወዳደር፣ ካየኋቸው ድረ ገጾች ሁሉ የየቦታውን አማካይ አየር የሚያሳየውን ዌዘርስፓርክን አስበልጣለሁ። ባሕርና ተራራ በተጎራበቱበት ቦታ ግን ለብቻው አልተማመንበትም። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እኔ ፀሐይ ወዳድ ነኝ። ሰማዩ ብራ ካልሆነ ባሕር ዳር የሄድኩ አይመስለኝም። እህቴ ተቃራኒዬ ናት። ፀሐይ ስትበረታ ራሷን ያማታል፤ ዓይኗን እያጨነቆረች ጥላ ፍለጋ ትገባለች። ለእሷ ጥሩ ቀን ማለት ሰማዩ ዳምኖ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ በእግር ብዙ የሚኬድበት ቀን ነው። የሚገርመው ግን ለጉዞ ከእሷ የተሻለ ጓደኛ የለኝም። ስለዚህ ቦታ በመረጥን ቁጥር ክርክር አለ። «አንተ የምትፈልገው መዝናኛ ሳይሆን ምድጃ ነው» ትለኛለች። እኔም አልተኛላትም።

ክርክሩን የሚያባብሰው ደግሞ መረጃው ነው። የስልክ አፕ ከከፈታችሁ ለአንድ ቀን የምታገኙት አንድ ምስል ነው፤ ወይ ፀሐይ፣ ወይ ደመና፣ ወይ ከደመና ጀርባ ብቅ ያለች ፀሐይ። ያቺ ብቅ ያለች ፀሐይ ጠዋት ትሁን ከሰዓት አይታወቅም። የጉዞ ማስታወቂያዎቹማ ይብሳሉ። «በዓመት 300 ፀሐያማ ቀን» ያልተባለለት የባሕር ዳርቻ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ፀሐያማ ቀን ምን እንደሆነ ግን ማንም አያብራራም። ፀሐይ ሁለት ሰዓት ብቻ የወጣችበት ቀን ይቆጠራል? ጠዋቱን ጭጋግ የዋጠውስ?

የፀሐይ ሰዓት ቢያንስ መለኪያ አለው። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት እንደሚለው፣ በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን በካሬ ሜትር ከ120 ዋት ሲበልጥ ነው ፀሐይ ወጥታለች የሚባለው። በግርድፉ ሲታይ፣ ጥላችሁ መሬት ላይ ለይቶ እንዲታይ የሚያደርግ ብርሃን ማለት ነው። ፀሐይ በዓመት ከአድማስ በላይ የምትቆየው ደግሞ የትም ቦታ ወደ 4,400 ሰዓት ገደማ ነው፤ ምድር ወገብም ላይ ሁኑ ዋልታ አጠገብ። በቦታዎች መሀል ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እንግዲህ ደመናው ነው። የፈረንሳይዋ ማርሴይ ከዚያ ውስጥ 2,800 ሰዓት ገደማ ታገኛለች። የፋሮ ደሴቶች ዋና ከተማ ቶርስሃውን ግን ቢበዛ 1,000 አካባቢ ናት።

ይህም ቢሆን የዓመት ድምር ነው። የዓመት ድምር ለዕረፍት ቀን መምረጫ አይሆንም። ዌዘርስፓርክን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

የቦታውን ስም ስትጽፉ ዓመቱን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር አግድም ዘርግቶ ያሳያችኋል። በየዕለቱ ሰማዩ ስንት በመቶ ያህል ጊዜ ጥርት ያለ፣ ስንት በመቶ ከፊል ደመናማ፣ ስንት በመቶ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ እንደሆነ ከሰማያዊ ወደ ግራጫ በሚሄድ ቀለም ያስቀምጠዋል። ግራጫው የት እንደሚያብጥ፣ ሰማያዊው የት እንደሚሰፋ በአንድ እይታ ትረዳላችሁ። ሁለተኛ ቦታ ጨምሩና ማወዳደሪያውን ክፈቱ። ሙቀት፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ንፋስ፣ ወበቅ፣ የባሕሩ ውሃ ሙቀት፣ ሁሉም ጎን ለጎን ይመጣሉ። ከአንዱ ትር ወደ ሌላው እየዘለሉ ቁጥር መልቀም ቀረ።

ጥቅሙ የገባኝ በሊማ ነው። የፔሩዋ ሊማ ፓስፊክ ዳር፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 12 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ20 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የዝናቡን ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው በረሃ ነው ብሎ ሻንጣውን በመዋኛ ልብስ ይሞላል። የደመናውን ሰንጠረዥ ስትከፍቱት ግን ከጁን እስከ ኦክቶበር ግራጫ በግራጫ ነው። ከዳርቻው አልፎ የሚሄደው ቀዝቃዛው የሁምቦልት የባሕር ጅረት የታችኛውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ከላዩ ሞቃት አየር ይጫነዋል። ደመናው መሀል ላይ ታፍኖ ይቀራል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ዝናብ እንዳይሆን መንገድ የለውም። ከኋላ ደግሞ የአንዲስ ተራራ ሰንሰለት ቆሟል። ውጤቱ ለሳምንታት የማይገለጥ ዝቅ ያለ ሰማይ፣ አልፎ አልፎም ልብስ የማያበሰብስ ካፊያ ነው። ያው ቦታ በፌብሩዋሪ ፀሐይ ይወጣበታል።

እህቴ ይህን ስታይ ፊቷ በራ። «በቃ ኦገስት ላይ እዚህ ነኝ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ደመና ያለ ዝናብ ለእሷ ዓይነት ሰው ሎተሪ ነው። ብዙ ሰው ደመናና ዝናብን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ማያሚና ሲያትልን አስተያዩዋቸው። በዝናብ መጠን ማያሚ ሲያትልን በብዙ ትበልጣለች፤ የአንዷ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን የሌላዋ ወደ 1,000 ነው። ግን ማያሚ ፀሐያማ፣ ሲያትል ደመናማ ተብለው ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ስማቸው ይገባቸዋል። ማያሚ ላይ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወርዶ ሰማዩ ወዲያው ይጠራል። ሲያትል ላይ በክረምት ትንሽ ትንሽ እያካፋ ይውላል። ዝናቡን ብቻ ያወዳደረ ሰው ሁለቱን ከተሞች ገልብጦ ነው የሚረዳቸው።

ለደመና ወዳዶች ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደመና ማለት ቅዝቃዜ ማለት አይደለም። በሞቃት ባሕር ዳር ደመናው ከወበቅ ጋር ይመጣል። ዌዘርስፓርክ ወበቁን የሚለካው በጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ እስከዚያ ድረስ ከቀዘቀዘ እርጥበቱ ወደ ውሃ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን ማለት ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ ደረቅ፣ ከ13 እስከ 16 ምቹ፣ ከ18 ሲያልፍ የሚያፍን፣ ከ24 በላይ ደግሞ የማይቻል ብሎ ይከፍለዋል። በመቶኛ የሚነገረውን እርጥበት ትቶ ይህን መምረጡን አደንቃለሁ። መቶኛው ጠዋትና ማታ ይለዋወጣል። ሌሊት በቅዝቃዜ 90 በመቶ የነበረው አየር ቀትር ላይ 50 ቢሆን ውሃው ቀንሶ ሳይሆን አየሩ ስለሞቀ ነው። ላብ ይደርቅላችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግራችሁ የጤዛ ነጥቡ ነው። እህቴ አሁን ማንኛውንም ደመናማ ቦታ ከመምረጧ በፊት መጀመሪያ ይህን ነው የምታየው። 24 ዲግሪ ካለፈ አትሞክረውም።

ባሕር ዳርንና መሀል አገርን ለማወዳደርም ጥሩ ነው። የሞሮኮዎቹን ኤሳዊራንና ማራኬሽን አስገቡ። የአትላንቲኳ ኤሳዊራ በጁላይ የቀኑ ሙቀት 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማራኬሽ በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ወደ ውስጥ ናት፤ እዚያ 37 ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ፀሐይ አላቸው። ልዩነቱ ቀዝቃዛው የካናሪ የባሕር ጅረትና ያ የማይደክመው ንፋስ ነው። የንፋሱን ሰንጠረዥ ስታዩ ኤሳዊራ ዳር ፎጣ አንጥፎ ጋደም ማለት ለምን አሸዋ እንደሚያስበላ ይገባችኋል። ፀሐይ ወዳድ ነኝ ስል እኔ እንኳ ንፋሱን ማየት ተምሬአለሁ።

ገጠሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ገላጣ ሰማይ ያለው ደረቅ ገጠር ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፤ መሬት የያዘችውን ሙቀት የሚመልስ ደመና ስለሌለ። በሙቀት ሰንጠረዡ የላይኛውና የታችኛው መስመር ሰፊ ክፍተት ካላቸው ሹራብ ያዙ። ሸለቆ ከሆነ ደግሞ በክረምት ጉሙን ጠርጥሩ። የሰሜን ጣሊያኑ የፖ ሸለቆ በተረጋጋ የክረምት ቀን ጉም ተኝቶበት ሲውል ዙሪያው ያሉት ተራሮች ጫፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ድረ ገጹ ራሱ አይደብቀውም፤ ገጹ ግርጌ ላይ ተጽፏል። የደመናው መረጃ የመጣው መርራ-2 ከተባለው የናሳ ስሌት ነው። ይህ ስሌት የድሮ ልኬቶችን በኮምፒዩተር ሞዴል አዋህዶ የዓለምን አየር በየሰዓቱ መልሶ ይገነባል። ዓለምን የሚከፋፍለው ግን ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚጠጉ አራት ማዕዘኖች ነው። በአንዱ ማዕዘን ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ሰማይ ይሰጠዋል። ሰፊ ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ተራራና ባሕር በተፋጠጡበት ግን ልዩነቱን ይውጠዋል።

ቴኔሪፌን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፤ እኔና እህቴ ያየናት ደሴት ናት። ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ፊት ለፊት ካሉት የስፔን የካናሪ ደሴቶች ትልቋ ነች፤ ከዳር እስከ ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። መሀሏ ላይ 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው ቴይዴ ተራራ አለ። ንፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ባሕሩን አቋርጦ እርጥበት ተሸክሞ። የሰሜኑን ቁልቁለት ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከላይ ሞቃትና ደረቅ አየር ስላለ ደመናው ከዚያ አልፎ መውጣት አይችልም፤ ቁልቁለቱን ታክኮ ይቀመጣል። በስተደቡብ ያለው ወገን ተራራው ከልሎት ፀሐዩን ይሞቃል። ስለዚህ በሰሜን ያለችው ፖርቶ ዴ ላ ክሩስ ዳምና ስትውል፣ በደቡብ ያለችው ሎስ ክሪስቲያኖስ በዚያው ሰዓት ብራ ናት። በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው።

ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ተራራው በመኪና ስትወጡ ነገሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ደመናው ከራሳችሁ በላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ትገቡበታላችሁ። የመኪናው መስታወት ይረጥባል፤ ዝናብ ግን የለም። ጥዱ ውስጥ አስፋልቱ ከዛፎቹ ሥር ብቻ እርጥብ ነው። የካናሪ ጥድ ቅጠል ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጉሙን ያጣራዋል፤ ጠብታው በየቅጠሉ ጫፍ ይሰበሰብና ይወርዳል። ከዛፎቹ ወጣ ያለው መንገድ ደረቅ ነው። እህቴ መኪናውን አስቁማ ከጥዱ ሥር እጇን ዘርግታ ቆመች። ጠብታው ሲያርፍባት «ይሄን ደግሞ ዝናብ ነው ብለው ቆጥረውት ይሆን?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ የተተከለ የዝናብ መለኪያ ከቅጠል የሚንጠባጠበውን አይቆጥርም። ከዚያ ጥቂት ከፍ ስትሉ ድንገት ከደመናው በላይ ናችሁ። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከእግራችሁ በታች ነጭ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በ50 ኪሎ ሜትር ማዕዘን ለማስቀመጥ ሞክሩ። አይሆንም። ሁለቱን ዳርቻዎች ስታወዳድሩ የሙቀቱና የዝናቡ ልዩነት ይታያችሁ ይሆናል። ደመናው ላይ ግን ተራራው የሚሠራውን ሥራ እንዲህ ያለ ስሌት በሚገባ ሊያሳይ አይችልም። ሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ ናት። በበጋ የውቅያኖሱ ዳር ሰፈሮች ጉም ውስጥ ሲሆኑ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያሉት ፀሐይ ላይ ናቸው፤ አንድ ከተማ ውስጥ።

ለዚህ ያገኘሁት መላ የሳተላይት ፎቶ ነው። የናሳ ወርልድቪው የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ ማንም ሰው መክፈት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያሉ የየዕለቱን ፎቶዎች ይዟል። እዚያ ላይ ቴራና አኳ የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶችን ምረጡ። ቴራ ለብዙ ዓመታት ምድር ወገብን ያቋርጥ የነበረው በአካባቢው ሰዓት አቆጣጠር ለቀትር አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው፤ አኳ ደግሞ ቀትር ካለፈ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ። የምትሄዱበትን ወር ምረጡና ያለፉትን ዓመታት ቀን በቀን አገላብጡ። የጠዋቱን ፎቶ አይታችሁ ወደ ከሰዓቱ ዝለሉ። ዳርቻው ላይ ተኝቶ የነበረው ነጭ ነገር ካፈገፈገ፣ የጠዋት ደመና ነው፤ ከምሳ በኋላ ፀሐይ አለ ማለት ነው። ካልተነቃነቀ ሻንጣውን ለእህቴ ዓይነት ሰው ስጡት። ቴኔሪፌ ላይ ነጩ ሰሜኑን ይዞ ደቡቡ ጥርት ብሎ በግልጽ ይታያል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አልዋሽም። ግን ዕረፍቱን በሙሉ ከማበላሸት አንድ ምሽት መሰላቸት ይሻላል።

ለሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ከሆነ ዊንዲ የተባለውን የአየር ትንበያ ድረ ገጽ እከፍታለሁ። የአውሮፓውን ሞዴል ያሳያል፤ የባሕር ዳርቻ ካሜራዎችም አሉት። ካሜራውን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ማየት ከማንኛውም ምልክት ይበልጣል። ዌዘርስፓርክን ለዚህ አትጠይቁት። የአማካይ ገጹ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2016 ባለው መረጃ ነው፤ የሚነግራችሁ ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚሆን ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሞቃታማ ዓመታት አልተካተቱም። ለደመናው ወር መምረጫ ይህ ብዙም አያሳስበኝም። ለሙቀቱ ግን ትንሽ ጨምራችሁ ብትገምቱ አትጎዱም።

ስለ ነጥብ አሰጣጡም ላንሳ። የቱሪዝም ነጥብና የባሕር ዳርቻ ነጥብ የሚሉ ሁለት መለኪያዎች አሏቸው። የመጀመሪያው ሰውነት የሚሰማው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ የሆነበትን፣ ሁለተኛው ከ24 እስከ 32 የሆነበትን ብራና ዝናብ የለሽ ቀን ያስበልጣል። ለእኔ ልክ ነው፤ ጠባዬን አውቀው የሠሩት ይመስላል። እህቴ ግን ተናደደች። «ደመና ነጥብ ይቀንሳል ያለው ማነው?» የራሷን ዘዴ አወጣች። የደመናውን ሰንጠረዥና የዝናቡን ሰንጠረዥ አንድ ላይ ትከፍታለች፤ ግራጫው የበዛበትንና ዝናቡ ያነሰበትን ወር ትመርጣለች። ቀጥላ የጤዛ ነጥቡን ታጣራለች። ከእነሱ ነጥብ ይልቅ የእሷ ይሻላል ባይ ነኝ። ደመና ይወዳል የምትሉት ሰው ካለ ይህን አሳዩት፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ግን እንዳይረሳ ንገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስስ ደመና ከሆነ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር አልፎ ይመጣል። እህቴ ይህን አታምንም ነበር፤ አፍንጫዋ ከተላጠ በኋላ አመነች።

እና የት ሄድን? ቴኔሪፌን የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። እሷ በሰሜን፣ እኔ በደቡብ፣ መሀል ላይ ተራራ። ማታ ማታ አንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ደሴቲቱን ከዌዘርስፓርክ ብቻ ብንመርጥ ኖሮ ይህን ክፍፍል አናገኘውም ነበር፤ ከዌዘርስፓርክ ውጭ ብንመርጥ ደግሞ ወሩን አናገኘውም ነበር።

አንድ ነገር ቢጨምሩ ግን ደስ ይለኛል። ሙቀቱን በቀኑ ሰዓታት ከፍለው የሚያሳዩበት ግሩም ሰንጠረዥ አላቸው፤ የትኛው ወር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞቅ በቀለም ይታያል። ደመናውንም በዚያው መልክ፣ በሰዓት ከፍለው ቢያስቀምጡት እኔና እህቴ የሳተላይት ፎቶ ስናገላብጥ አናመሽም።